ሕንፃውን «የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ

እዚህ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ለክርክሩ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ ሕንፃ ሲነድፍ የኖረ አርክቴክት ነው፤ ሁለተኛዋ የከተማ ካርታ የምትሠራ የጂአይኤስ ባለሙያ። ጸሐፊው ለማን እንደሚያደላ አንባቢ ቶሎ ይደርስበታል፤ ቢሆንም የአርክቴክቱ ጥርጣሬ ሁሉ መልስ አግኝቷል ብሎ አይዋሽም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርክቴክቱ፦ እናንተ የካርታ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቁት፤ «ሞዴሉን ስጡን»። ሞዴል ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም። ድሮ ፕላን ማለት መስመር ነበር፤ ዛሬ ቢም በሚባለው የሞዴል አሠራር የተነደፈ ሕንፃ ኮምፒዩተር ውስጥ ቆሞ ያለ ሕንፃ ነው። በሩ በር መሆኑን ያውቃል። ስንት ደቂቃ እሳት እንደሚችል፣ ማን እንዳመረተው፣ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደተገጠመ ይናገራል። ይህን ሁሉ ለካርታ ብሰጠው ምን ይሠራበታል? ካርታ መንገዱን፣ ይዞታውን፣ ወንዙን ያሳይ። ከአጥሩ ወዲህ ያለውን እኔ ልያዝ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አንቺ ያዢ። እስከ ዛሬ በዚህ ተስማምተን ኖረናል እኮ፣ ልጄ።

ካርታ ሠሪዋ፦ አጥሩን የምናከብረው ሰላም ሲሆን ነው፣ ጋሼ። እሳት አጥር አያውቅም። ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ሽቅብ ያስሮጠው ሕንፃው ከውጭ የተለበጠበት ተቀጣጣይ ልባስ ነው፤ ፕላን ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር ብዬ አላጋንንም። ነገር ግን አጣሪው አካል በኦክቶበር 2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ውስጥ የሚያስደነግጥ ተራ ነገር አለ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እጅ የሕንፃው ፕላን አልነበረም። አንድ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ነው። ያንን ደረጃ በጢስ ውስጥ ሲወጡ ውስጡን የሚያሳያቸው ሥዕል የላቸውም። ሪፖርቱ የረዣዥም መኖሪያ ሕንፃ ባለቤቶች የየፎቁን ወቅታዊ ፕላን በወረቀትም በኤሌክትሮኒክስም ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እንዲሰጡ በሕግ ይገደዱ አለ፤ በእንግሊዝ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደንብ ሆነ። መኪናውን እስከ ሕንፃው የሚመራው የእኔ ካርታ ነው። ከበሩ በኋላ ያለው የእርስዎ ነው። ሠራተኛው በሩን ሲረግጥ ካርታው ያልቅበታል። ሁለቱን ክፍት በሆነ የድረ ገጽ ስታንዳርድ እናገናኛቸው ነው የምለው።

አርክቴክቱ፦ ምሳሌሽ መልሶ ራስሽን ነው የሚመታው። እንግሊዞቹ ያሉት ወረቀቱን በሕንፃው በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ አኑሩ፣ ፋይሉንም ላኩ ነው። ፒዲኤፍ በኢሜይል ይላካል፣ አለቀ። የድረ ገጽ ስታንዳርድ ምናምን የሚለው ከየት መጣ?

ካርታ ሠሪዋ፦ ከባልቲሞር። በፌብሩዋሪ 1904 የዚያች የአሜሪካ ከተማ መሃል ለ30 ሰዓት ያህል ነዶ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያ፣ ከኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በባቡር ደርሰውላት ነበር። ሰው አለ፣ ውኃ አለ፣ ሆዝ አለ። የሆዙ አፍ ጥርስ ግን ከባልቲሞር የውኃ መቅጃ (ሃይድራንት) ጥርስ ጋር አልገጥም አለ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ በአገሪቱ ያለውን መጋጠሚያ ቢሰበስብ ከ600 በላይ ዓይነት አገኘ። ልብ ይበሉ፣ የራሱን ጥርስ የመረጠ ከተማ አላጠፋም፤ ለራሱ በደንብ ይሠራለታል። ጉዱ የሚወጣው ጎረቤት ሊረዳ ሲመጣ ነው። ያው ቢሮ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በ2004 ሌላ ጥናት አወጣ። በትልልቅ ግንባታዎች ሥራ የአንዱ ሶፍትዌር መረጃ ከሌላው ጋር ባለመግጠሙ አሜሪካ በ2002 ብቻ 15.8 ቢሊዮን ዶላር እንዳጣች ገመተ። ግምት ነው፤ ግን ከዚያ ውስጥ 10.6 ቢሊዮኑ የወደቀው በነዳፊው ወይም በተቋራጩ ላይ ሳይሆን በሕንፃዎቹ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ላይ ነው። ይህችን ቁጥር ይያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ፒዲኤፉን በተመለከተ፣ ፒዲኤፍ መላክ ማለት ሆዙን ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። ሰው ያየዋል፣ ማሽን ግን ውኃ አይቀዳበትም።

አርክቴክቱ፦ ጥርሱማ ተሠርቷል። እኛ ዘንድ አይኤፍሲ የሚባል የሕንፃ ሞዴል መለዋወጫ ቋንቋ አለ፤ የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ፣ በ2013 አይኤስኦ 16739 ተብሎ ሙሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ። እናንተ ዘንድ ለከተማ ሞዴል ሲቲጂኤምኤል አለ፣ ከ2008 ጀምሮ። ሁለቱም ክፍት ናቸው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ይህን ያህል ክርክር ምን አመጣው?

ካርታ ሠሪዋ፦ ብዙ ሰው የደከመበት መንገድ ነው፤ እኔ ግን መንገዱ ራሱ አያደርስም ባይ ነኝ። አንድ ግድግዳ እንይ። በእርስዎ ሞዴል ውስጥ ግድግዳ ውፍረት ያለው ገላ ነው። በሩ የሚገባበት ቀዳዳ ራሱን የቻለ ነገር ሆኖ ግድግዳውን ይበሳል፤ በሩ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ሆኖ ቀዳዳውን ይሞላል። ሦስቱ በዝምድና ተያይዘዋል። በእኔ ካርታ ግን ሕንፃ ማለት ቆዳ ነው፤ የጣሪያ ገጽ፣ የግድግዳ ገጽ፣ መሬት የነካ ገጽ። ከመንገድ ሲታይ አንድ የሆነው የፊት ለፊት ገጽ በእርስዎ ዘንድ የአሥር ፎቅ አሥር ግድግዳ ነው፣ በመካከላቸውም የስላብ ጠርዝ አለ። ገላውን ወደ ቆዳ ስለውጥ ከ700 በላይ ከሆኑት የአይኤፍሲ ዓይነቶች አብዛኛው ይረግፋል። ከቆዳው ወደ ገላ ልመለስ ብል ደግሞ የረገፈውን ከየት አመጣለሁ? ይህ የፕሮግራመር ስንፍና አይደለም። ሁለቱ ሙያዎች ሕንፃን ለተለያየ ጥያቄ ነው የሳሉት። የእርስዎ ሥዕል «እንዴት ይሠራል?» ለሚል፣ የእኔ «የት ነው፣ ከጎኑስ ምን አለ?» ለሚል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ሥዕል ይመለስ ካልን አንዱ ይሸነፋል። ደግሞም ገና ግድግዳው ጋ ሳንደርስ «የት ነው?» የሚለው ራሱ ይጥለናል። በሰፊው የሚሠራበት አንድ የንድፍ ሶፍትዌር አለ፤ ነዳፊው ቦታ ካልሞላበት የሳይቱን አድራሻ በራሱ ይሞላዋል። የሚሞላው 42 ዲግሪ ከ21 ደቂቃ ሰሜን፣ 71 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ምዕራብ ብሎ ነው። ቦስተን ማለት ነው፣ ጋሼ። የትም አገር የተነደፈ ሕንፃ፣ ማንም ካልነካው፣ ፋይሉ ውስጥ የቦስተን ነዋሪ ነው።

አርክቴክቱ፦ (ይስቃል) ያለ ቪዛ ማለት ነው። እሺ፣ እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ። ለእኛ ዜሮ ማለት የመጀመሪያዋ ኮሎን ናት፤ ሁሉ ነገር ከእሷ ይለካል። ሰሜንም ቢሆን ወረቀቱ ላይ እንዲመች ሕንፃውን ቀጥ አድርገን «የፕሮጀክት ሰሜን» እንላለን። እውነተኛው ሰሜን ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ቀስት ነው የሚኖረው። ይህ ግን የሥራው ጠባይ ነው፤ ሚሊ ሜትር እየቆጠርኩ በግማሽ ሚሊዮን ሜትር ቁጥር ልሥራ? ኮምፒዩተሩም ይንገዳገዳል።

ካርታ ሠሪዋ፦ አይሥሩ። ኮሎኗ ዜሮ ትሁን። የምለምነው ያቺ ኮሎን በምድር ላይ የት እንደቆመች አንድ ቦታ ላይ እንዲጻፍ ብቻ ነው። በ2013 የወጣው አይኤፍሲ 4 ለዚህ ቦታ አበጅቷል፤ ስድስት ቁጥር ነው። ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት፣ ከፍታው ስንት፣ ለአቅጣጫው ሁለት ቁጥር፣ ለመጠኑ አንድ። ከጎኑ ደግሞ ቁጥሮቹ በየትኛው የኮኦርዲኔት ሥርዓት እንደተለኩ ይጻፋል። ይቺ የመጨረሻዋ የምትናቅ አይደለችም፣ በተለይ እኛ አገር። የኢትዮጵያ ነባር ካርታዎች የቆሙት በአዲንዳን ላይ ነው፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ካለች የልኬት ነጥብ ስሙን የወሰደ ሥርዓት። ጂፒኤስ ደግሞ የሚናገረው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በአንዱ የተለካውን የአዲስ አበባ ቁጥር በሌላኛው ቢያነቡት ሕንፃው ከመቶ ሜትር በላይ ይሄዳል። መንገድ ተሻግሮ ሰው ይዞታ ውስጥ ይገባል! ቁጥሮቹ በመልክ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማንም አይጠረጥርም። በዓለም አቀፉ የኮኦርዲኔት ሥርዓቶች መዝገብ ግን አዲስ አበባ ላለችበት ዞን የመጀመሪያው 20137፣ ሁለተኛው 32637 የሚባል መለያ አላቸው። አምስት አኃዝ መጻፍ ነው። እኛ ዘንድ «ካርታ» ሲባል ከሥዕሉ ይልቅ የይዞታ ማረጋገጫው ወረቀት ነው የሚታሰበን፤ የቦታ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማስረዳት ይህ ብቻ ይበቃ ነበር።

አርክቴክቱ፦ ቦታው ይጻፍ፣ ተስማማን። ግድግዳው አይለወጥ ካልሽ ግን ምን ልትቀበይ ነው የመጣሽው?

ካርታ ሠሪዋ፦ መልስ። ፋይል የመላላክ ልማድ ላይ ነው ጠቤ። እኔ የፈለግኩት ደረጃው የት እንደሆነ ነው፤ የሚመጣልኝ የመጸዳጃ ቤቱን ሴራሚክ ቁጥር ጭምር የያዘ ግዙፍ ፋይል ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ድረ ገጽ የሚሠራው በዚህ መንገድ አይደለም። ጋዜጣ ሲያነቡ የጋዜጣው ቤተ መዛግብት በሙሉ ወደ ስልክዎ አይገለበጥም፤ ገጽ ይጠይቃሉ፣ ገጽ ይመጣል። በ1994 የተቋቋመው ኦጂሲ የተባለው የካርታ መረጃ ደረጃዎች ማኅበር ይህን ልማድ ለካርታ አምጥቶታል። የመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶቹ ለባለሙያ ብቻ የሚገቡ ነበሩ፤ በ2019 ያጸደቀው ኦጂሲ ኤፒአይ ፊቸርስ ግን ማንኛውም የድረ ገጽ ፕሮግራመር በአንድ ቀን የሚለምደው ነው። ጥያቄው ሊንክ ነው። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ይቀጠልበታል፤ የአንድ ቁራጭ መሬት ሁለት ጥጎች። ለአዲስ አበባ እንዲህ ያለ አገልግሎት ቢኖርና 38.76፣ 9.01፣ 38.77፣ 9.02 ብለው ቢጽፉ መስቀል አደባባይን ጨምሮ በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያሉት ሕንፃዎች ጂኦጄሰን በሚባል፣ ሰውም ማሽንም በሚያነበው ጽሑፍ ይመጡልዎታል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠንቀቁ። በቃል ሰሜኑን ማስቀደም ስለለመድን ብዙ ሰው ያገላብጠዋል፤ ያን ጊዜ አደባባዩ ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል። ወደ ነገሬ ልመለስ። ኔዘርላንድ ውስጥ እያንዳንዱ ሕንፃ በመንግሥት መዝገብ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር አለው። የዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚያ መዝገብና ከአየር በተለካ ከፍታ ላይ ተመሥርተው አሥር ሚሊዮን ያህል ሕንፃዎችን በሦስት ገጽታ ሠርተው በነፃ ያቀርባሉ፤ በፋይልም፣ በዚሁ ኤፒአይም። ለእኔ ከሥዕሉ ይልቅ ቁጥሩ ነው ውዱ። ቁጥር ካለ ሞዴሉ እርስዎ ዘንድ ወይም ባለቤቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ ካርታው ቁጥሩን ብቻ ይያዝ። የሚያስፈልግ ቀን በዚያ ቁጥር ይጠየቃል፤ «የዚህ ሕንፃ ደረጃዎች የት የት ናቸው?» የሚመጣው ደረጃው ብቻ ነው።

አርክቴክቱ፦ አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ደረጃው የት እንደሆነ የሚጠይቀው እሳት አደጋ ብቻ ይመስልሻል? ሌባም ይጠይቃል። የባንክ ካዝና፣ የእስር ቤት ኮሪደር፣ የሰው መኝታ ቤት፣ ይህን ሁሉ «ክፍት» ብለሽ አደባባይ ልታወጪው ነው? ደግሞ ንድፉ የእኔ የአእምሮ ሥራ ነው። ዛሬ ደረጃውን ስጠኝ ያለ ነገ ሙሉውን ሕንፃ ሌላ ቦታ ሲተክለው ማን ይይዘዋል?

ካርታ ሠሪዋ፦ ክፍት የሚባለው ቋንቋው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ፊደላችን ለሁሉም ክፍት ነው፤ የእርስዎ ደብዳቤ ግን የእርስዎ ነው። የኔዘርላንዶቹም ለሕዝብ ያወጡት ከመንገድና ከአየር የሚታየውን ቆዳ ነው፣ ክፍሎቹን አይደለም። እንዲያውም ስጋትዎ የሚያጠናክረው የእኔን ወገን ነው። ፋይል አንድ ጊዜ በኢሜይል ከወጣ አይመለስም፤ ስንት ቦታ እንደተቀዳ አያውቁም፤ የተሰጠውም ሁሉም ነገር ነው። ጥያቄና መልስ ሲሆን ግን የጠየቀው ማን እንደሆነ ይጣራል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የተሰጠውም የተጠየቀው ብቻ ነው። አንድን ክፍል ለእሳት አደጋ ከፍቶ ለሌላው መዝጋት ይቻላል። ፋይልን ግን ግማሹን መቆለፍ አይቻልም። አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ሰርቨርም ይሰበራል። ውስጣቸው መቼም ቢሆን መረብ ላይ መውጣት የሌለበት ሕንፃዎች አሉ፤ ለእነሱ በር ላይ የተቆለፈው የወረቀት ሣጥን ይሻላል።

አርክቴክቱ፦ ይሁን እንበል። ሁለት ነገር ግን ይቀርሻል። አንደኛው፣ ስታንዳርድ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሶፍትዌሮቹ አያከብሩትም። እዚያው ዴልፍት ያሉት ተመራማሪዎች የመሩትን የ2019 ሙከራ አንብቤዋለሁ፤ አንዱን የአይኤፍሲ ፋይል በተለያየ ሶፍትዌር ሲከፍቱት የቦታው መረጃ አንዱ ጋ ይነበባል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ስድስቱን ቁጥር የምሞላው እኔ፣ የምፈተሸው እኔ፣ ቢሳሳት የምከሰሰው እኔ። የሚጠቀመው ሌላ ሰው። በነፃ ለምን ልድከም?

ካርታ ሠሪዋ፦ ይያዙልኝ ያልኩት ቁጥር እዚህ ላይ ይፈለጋል። ከ15.8 ቢሊዮን ውስጥ 10.6 ቢሊዮኑን የተሸከመው ባለቤቱ ነው ብያለሁ። ባለመግጠሙ የሚከስረው ባለቤቱ ከሆነ እንዲገጥም መክፈል ያለበትም እሱ ነው። አርክቴክትን በሞራል መለመን ትርጉም የለውም፤ ውል ላይ ይጻፍና ይከፈልበት። «ቦታው ያልተመዘገበ ሞዴል አንረከብም» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው፤ ቁጥሮቹንም ሰርቬየሩ ለክቶ ይፈርምባቸው፣ ተጠያቂነቱም የእሱ ይሁን። ሶፍትዌሩን የሚያስገድደውም ይኸው ነው። የባልቲሞር ጥርስ በስብከት አልተስተካከለም፤ ገዢ «እንዲህ ካልሆነ አልገዛም» ሲል ነው ፋብሪካ የሚለወጠው። ያም ሆኖ ዛሬም ድረስ በአሜሪካ የማይገጥም ሆዝ ያላቸው ከተሞች አልጠፉም፤ ነገሩ ቀርፋፋ ነው፣ ቀርፋፋ መሆኑ ግን አይሆንም ማለት አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ገዢውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ፕላን ይገባል፤ ዛሬ ያለ ልፋት የሚጠየቅበት በር ያ ነው።

አርክቴክቱ፦ ለሌላው ሁሉ መልስ አላጣሽም። ለዚህኛው ግን አላውቅም። ሕንፃ እንደተነደፈ አይሠራም፤ እንደተሠራም አይቀመጥም። ተከራይ ገብቶ በጂፕሰም ሰሌዳ ክፍል ይከፍላል፣ ሱቅ መጋዘን ይሆናል፣ መውጫ በር ዕቃ ይደረደርበታል። የአምስት ዓመት ሞዴል ይዞ «መውጫው በዚህ ነው» የሚል ስክሪን ከምንም ይብሳል። ፕላን የሌለው ሠራተኛ ይጠነቀቃል፤ የተሳሳተ ፕላን የያዘው ያምናል።

ካርታ ሠሪዋ፦ ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። በ2021 የወጣው ሲቲጂኤምኤል 3 የሕንፃን ታሪክ በየጊዜው ለያይቶ መያዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ መልስ «ይህ የተረጋገጠው በዚህ ቀን ነው» ብሎ እንዲመጣ ማድረግም ቀላል ነው፤ ቀኑ ካረጀ ስክሪኑ ራሱ ያስጠነቅቅ። እንግሊዞቹም «ወቅታዊ» የሚለውን ቃል በከንቱ አልጨመሩትም። ግን ሄዶ የሚያይ ሰው ከሌለ ቀኑ ይጻፋል እንጂ እውነቱ አይታደስም። ይህን ስታንዳርድ አይሠራውም። ለዚህም ነው ሁሉን በአንድ ጊዜ የማልጠይቀው። ቶሎ የማያረጁት ይቅደሙ፤ ሕንፃው የት ነው፣ ስንት ፎቅ ነው፣ ደረጃውና ዋናው መውጫ የት ናቸው። ጂፕሰሙን ተከራዩ ያፈርሰዋል፤ ደረጃውን ግን አይነካውም።

አርክቴክቱ፦ እንግዲያስ ሙሉውን ፋይል አልሰጥሽም።

ካርታ ሠሪዋ፦ አልፈልገውም አልኩ እኮ፣ ጋሼ። ቀጣዩን ሞዴል ከማስረከብዎ በፊት ግን የሳይቱን መስመር ከፍተው አንድ ጊዜ ይዩልኝ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ናት። 42 የሚል ካገኙ ሕንፃው አሁንም ቦስተን ነው።